ማደሪያ ያጣ ውኃ

(በደብረ ማርቆስ ለከተማ ፕላን ባለሙያዎች፣ ለመስኖ ተጠቃሚ ገበሬዎችና ለምህንድስና ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎች፦

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን አባባል ሳይሰማ ያደገ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይኖራል ብዬ አልገምትም። አባባሉ ማረፊያ ሳይኖረው ሸክም ለሚያበዛ ሰው እንደሚነገር የታወቀ ነው። እኔ ግን ሥራዬ ከውኃ ጋር በመሆኑ ሁልጊዜ የሚታሰበኝ ሰውየው ሳይሆን ወንዙ ነው፤ ያለ አግባቡም የተወቀሰ ይመስለኛል። ዓባይ ራሱ በጥልቅ ገደል ውስጥ ስለሚሮጥ ማደሪያ የለውም ቢባል አልከራከርም። የሚመግቡት የጎጃም ወንዞች ግን፣ ጨሞጋም ሆነ ጤምጫ፣ ብርም ሆነ ሙጋ፣ ወደ ገደሉ ከመውረዳቸው በፊት የሚያድሩበት ቦታ ነበራቸው። ማደሪያቸው ጨፌው፣ የወንዝ ዳር መስኩ፣ ጠመዝማዛው መታጠፊያና የሐምሌ ሙላት የሚተኛበት ሜዳ ነበር። ዛሬ የምናገረው ይህ ማደሪያ በልማት ምክንያት እንዴት እንደተወሰደ፣ በተወሰደ ጊዜም ውኃው ምን እንደሚሆን ነው።

ወንዝ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው በሁለት ዳርቻ መካከል የሚፈሰውን ውኃ ነው። ይህ የበጋ ፍች ነው። በእኛ አገር ዝናቡ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት በመሆኑ፣ በጥር ወር በድንጋይ ላይ ተረማምደን የምንሻገረው ጅረት በነሐሴ ዳርቻውን ሞልቶ ግራና ቀኝ ባለው ለጥ ያለ መስክ ላይ ይወጣል። ያንን መስክ የሠራው ወንዙ ራሱ ነው፤ በየዓመቱ እየወጣ፣ ደለሉን እያነጠፈ፣ በብዙ ሺህ ዓመት ያደላደለው የራሱ ግቢ ነው። ሙላቱ ከሣሩና ከቄጤማው መካከል ሲገባ ፍጥነቱ ይሰበራል፤ የተሸከመውን አፈር ያራግፋል፤ ከፊሉም ወደ መሬት ሰርጎ ይቀመጥና ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከዳርቻው ሥር ቀስ በቀስ እየመነጨ ወደ ወንዙ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት በየካቲት ከብቶቻችን የሚጠጡት የወንዝ ውኃ በአብዛኛው ያለፈው ክረምት ዝናብ ነው፤ ወራት የፈጀው መንገድ ላይ ሲያድር ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለንግግሬ ሁሉ መሠረት ነው። የክረምቱ ጎርፍና የበጋው ድርቀት ሁለት የተለያዩ ችግሮች አይደሉም። ለመውረድ አራትና አምስት ወር የሚፈጅበት ውኃ በአራትና በአምስት ሰዓት እንዲወርድ ከተደረገ፣ በሐምሌ ጎርፍ ሆኖ ያጠቃናል፤ በየካቲት ደግሞ አይገኝም። «ክረምቱ ከበደ፣ በጋው ጠና» እያልን ጥፋቱን ሁሉ ወደ ሰማይ ስንመልስ ይህን እንረሳዋለን። የአየር ንብረት እየተለወጠ መሆኑን አልክድም፤ ዳሩ ግን ሰማዩ እንደነበረ ቆይቶ እንኳ ወንዝ ሊደርቅ እንደሚችል ከዚህች ከተማ አጠገብ የሚፈሰው ጨሞጋ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1999 የተመዘገበውን የጨሞጋን ፍሰት የመረመረ ጥናት፣ በእነዚያ አርባ ዓመታት ዓመታዊ ዝናቡ በየዓመቱ በ0.29 ሚሊ ሜትር ሲቀንስ የወንዙ ፍሰት ግን በ1.7 ሚሊ ሜትር እንደቀነሰ አሳይቷል። ሚሊ ሜትር የተባለው ውኃው በተፋሰሱ ላይ እኩል ቢነጠፍ የሚኖረው ውፍረት ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው የወቅቶቹ ልዩነት ነው፤ በክረምት ዝናቡም ሆነ ፍሰቱ የጎላ ለውጥ ሳያሳዩ፣ በበጋ ግን ዝናቡ ባለበት ሆኖ ፍሰቱ እያነሰ ሄዷል። ጥናቱ ምክንያት ያደረገው የተፈጥሮ ዕፀዋት መመንጠራቸውን፣ የእርሻ መሬት መስፋፋቱን፣ ልቅ ግጦሽን፣ የባሕር ዛፍ መብዛቱንና ሕዝቡና ከብቱ ሲበዙ በበጋ የሚቀዳው ውኃ መጨመሩን ነው።

ስለ ባሕር ዛፍ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ዘመን በጨሞጋ ተፋሰስ በዛፍ የተሸፈነው መሬት በተከላ ምክንያት ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም። ስለዚህ «ዛፍ ካለ ውኃ አለ» የሚለው አነጋገር የትኛው ዛፍ፣ የት ቦታ ተብሎ ካልተጠየቀ ያሳስታል። ባሕር ዛፍን እንደ ጠላት የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም፤ የስንቱ ገበሬ ልጅ የተማረው ባሕር ዛፍ ተሸጦ ነው። በተራራው ወገብ ላይ ሲተከል የሚሰጠው ጥቅም እንዳለ ሆኖ፣ በጨፌው እምብርትና በምንጭ አፍ ላይ ሲተከል ግን በበጋ ወደ ወንዙ ሊሄድ የነበረውን ውኃ ከመነሻው ይጠጣዋል።

ወንዝ ማደሪያውን ማጣት የሚጀምረው ከዳርቻው ሳይሆን ከራስጌው ነው። ጫካው፣ አስታውና ጓሳው በነበሩበት በጮቄ ከፍታ ላይ ዛሬ ገብስና ድንች ይታረሳል፤ ከዚያ ዝቅ ሲልም ጤፉና ስንዴው ነው። ጤፍ ዘርቶ የማያውቅ ሰው ልብ የማይለው ነገር ቢኖር ፈሰስ ነው። ገበሬው በሐምሌ ዘሩን በበተነ ማግስት በማሳው ላይ አግድም እያዘነበለ የሚያወጣት ያቺ ቀጭን ቦይ ዘሩ በውኃ እንዳይታጠብበት ትጠብቀዋለች፤ ከማሳው አንጻር ብልህነት ናት። ከወንዙ አንጻር ግን እያንዳንዷ ፈሰስ ውኃን የማጣደፊያ መንገድ ናት፤ የሺህ ማሳ ፈሰስ ተደማምሮ ወደ አንድ ሸለቆ ሲወርድ ሸለቆው የማያውቀው ኃይል ይገጥመዋል። ፈሰሱን ወደ እኔ ለቀቀብኝ የሚለው የጎረቤት ክስ በየሽማግሌው ፊት ስንት ጊዜ እንደቀረበ አባቶች ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። ከሃያ ዓመት በፊት ገና ወጣት መሐንዲስ ሳለሁ በአንድ የገጠር መንገድ ሥራ ላይ ተመድቤ ነበር። መንገዱ የሚያልፍበት ተዳፋት በሦስት ቦታ ውኃ ያሳልፋል፤ ሦስቱም ሣር የለበሱ፣ በክረምት ብቻ የሚፈሱ፣ እግር የማያርሱ ዝርግ ቦታዎች ነበሩ። ለሦስቱ ሦስት ቱቦ መቅበር ወጪ ያበዛል ብዬ ውኃውን በመንገዱ ዳር ቦይ ሰብስቤ በአንድ ቱቦ አሳለፍኩት። በወረቀት ላይ ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ቱቦው ውኃውን ያለ ችግር ይወስዳል። ያላሰላሁት ከቱቦው አፍ በታች ያለውን መሬት ነው። መሬቱ ዋልካ ነበር፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ በክረምት የሚያብጥ ጥቁር አፈር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከቱቦው በታች አንድ ክንድ የምትሆን ጉድጓድ ታየች፤ በሦስተኛው ዓመት ስመለስ ሰው ቆሞ የማይታይበት ቦረቦር ሆና የአንድ ገበሬ የጤፍ ማሳ ለሁለት ከፍላ ነበር። ገበሬው አልተቆጡኝም፤ «ይህ ውኃ ድሮም በዚህ ያልፍ ነበር፤ እንዲህ ተቆጥቶ ግን አያውቅም» አሉኝ። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። ሦስት ቦታ ተበታትኖ ሲያልፍ ሣር የማይነቅለው ውኃ አንድ ላይ ሲሰበሰብ መሬት ይገምሳል፤ ይህን ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው።

ቦረቦር መሬት ከመብላቱ በላይ በውኃ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ አይነገርም። ጨፌ ውኃ የሚይዘው ከሥሩ ያለው ውኃ ወደ ገጹ ቀርቦ ስለሚቆም ነው። በመካከሉ ሁለት ሦስት ሜትር ጥልቀት ያለው ቦረቦር ሲከፈት ቦረቦሩ እንደ ማጠንፈፊያ ቦይ ሆኖ ከግራና ከቀኝ ያለውን የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ራሱ ይስባል፤ ጨፌውም በጥቂት ዓመት ውስጥ ደርቆ የእርሻ መሬት ይሆናል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው በደብረ ማዊ የተካሄዱ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ቦረቦሩ የሚበረታው በተዳፋቱ ላይ ሳይሆን ውኃ በሚያቁርበት የሸለቆ ግርጌ ነው፤ የራሰው ግድግዳ በራሱ ክብደት እየተናደ ወደ ላይ ይዘልቃል። ለዚህም ነው በተራራው ላይ የምንሠራው እርከን ብቻውን የማይበቃው። በደምበጫ አካባቢ በአንጀኒ፣ የአፈር ጥበቃ ጥናት ጣቢያ በ1976 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የተሠራው እርከን ተዳፋቱን እያስተካከለ መምጣቱ የሚያኮራ ሥራ ነው፤ ነገር ግን እርከኑን ሠርተን የሸለቆውን ግርጌ ለከብትና ለማረሻ ከለቀቅነው ግማሹን ብቻ ሠርተናል።

ወደ ከተማ ልግባ። አንድ መቶ ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ክዳን ሠላሳ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት ሦስት ሺህ ሊትር፣ ማለትም አሥራ አምስት በርሜል ውኃ ይሰበስባል። ቤቱ ከመሠራቱ በፊት በቦታው የነበረው ሣር ከዚህ ውስጥ ብዙውን ያስቀር ነበር፤ ቆርቆሮው ግን ምንም አያስቀርም። ሺህ ቤት ሦስት ሺህ ሜትር ኩብ ነው፤ አስፋልቱ፣ ኮብልስቶኑና የሲሚንቶ ግቢው ገና አልተቆጠሩም። ይህ ሁሉ በዝናቡ ሰዓት በአንድ ጊዜ በከተማው መካከል ወደሚያልፈው ጅረት ይገባል። ጅረቱም ይህን መሸከም ስላልለመደ ወለሉን ይቆፍራል፤ ዳርቻውን ይንዳል፤ የድልድዩን እግር ያጋልጣል። ማዘጋጃ ቤቱም በድንጋይና በሲሚንቶ ያጥረዋል፤ ውኃው ይብስ ይፈጥንና ችግሩ ወደሚቀጥለው ሰፈር ይወርዳል። ስለ ቆሻሻውና ስለ ላስቲኩ ብዙ የተባለ ስለሆነ አልደግመውም፤ ቱቦ እንደሚደፍን ሁሉም ያውቃል።

በከተማ ፕላን ሥራ ላይ ያላችሁን ግን አንድ ነገር ልውቀስ፤ ወቀሳው እኔንም ይጨምራል። መሬት የሚለካውም የሚመራውም በበጋ ነው፤ ወንዙ የሚመጣው ደግሞ በክረምት ነው። በጥር ወር ገመድ ይዘን ስንወርድ የወንዝ ዳሩ መስክ ደረቅ፣ ለጥ ያለና ለመሠረት የሚመች ሆኖ እናገኘዋለን፤ ባዶ ቦታ ብለን እንመዘግበዋለን፤ ለማኅበር ቤት ወይም ለመጋዘን እንሰጠዋለን። በነሐሴ ጎርፍ ቤት ገባ ተብሎ ሲጮህ፣ ወደ ቤቱ የገባው ወንዙ ነው ወይስ ወደ ወንዙ የገባው ቤቱ ነው የሚለውን ማንም አይጠይቅም። ካሣውንና ዕርዳታውን የሚከፍለውም መሬቱን የመራው ክፍል አይደለም።

ወንዝን ቀጥ ማድረግም እንዲሁ ነው። ጠመዝማዛ ወንዝ መሬት ያባክናል፣ ውኃውንም ያቆያል ተብሎ በብዙ አገር ተቆርጧል። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1971 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት 166 ኪሎ ሜትር ይጠማዘዝ የነበረውን የኪሲሚ ወንዝ 90 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ቦይ አደረጉት። ከላይ እስከ ታች ያለው ከፍታ እንደነበረ ሆኖ መንገዱ ሲያጥር ቁልቁለቱ ይጨምራል፤ ወንዙ ከዳር ሜዳው ጋር ተለያየ፤ ወፉና ዓሣው ጠፋ፤ ረግረጉ ደረቀ። በኋላ የከፊሉን ወንዝ ጠመዝማዛነት ለመመለስ ሃያ ዓመት የፈጀ ሥራ ተሠርቶ በእ.ኤ.አ. 2021 ተጠናቀቀ፤ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብም ወጣበት። ሀብታም አገር ስህተቱን ገዝቶ መመለስ ይችላል፤ እኛ ግን በኤክስካቫተር አንድ ሳምንት የቆረጥነውን መታጠፊያ የምንመልስበት ገንዘብ የለንም።

እስካሁን የተናገርኩት ውኃን ስለ ማጣደፍ ነው። ግድብ ደግሞ በተቃራኒው ውኃውን ያሳድረዋል፤ ነገር ግን የሚያድርበትን ቦታና የሚለቀቅበትን ቀን የሚወስነው ሰው ነው። ጣና ከጥንት ጀምሮ የአካባቢው ወንዞች ትልቁ ማደሪያ ነበር። የክረምቱን ውኃ ተቀብሎ በዝግታ ስለሚለቅ፣ በባሕር ዳር የሚወጣው ዓባይ በመስከረም ግድም ሞልቶ እስከ ግንቦት እያነሰ ይሄድ ነበር። በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ መቆጣጠሪያ በር በሐይቁ አፍ ላይ ሲሠራ፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች በሮች ሲጨመሩለት፣ ይህ የዘመናት ልማድ በሰው እጅ ገባ። ዓላማው በ1956 ዓ.ም. ለተሠራው የጢስ ዓባይ የመጀመሪያ ኃይል ማመንጫና በ1993 ለተከተለው ሁለተኛው በበጋም የማይቋረጥ ውኃ ማድረስ ነበር፤ መብራቱንም ሁላችንም አግኝተነዋል። ይሁን እንጂ በ1995 ዓ.ም. ዝናብ በማነሱና ለኃይል ማመንጫው ውኃ በብዛት በመለቀቁ የሐይቁ ከፍታ ከመቼውም በታች ወረደ፤ መርከቦች ቆሙ፤ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል በሰፊው ጠፋ፤ ከውኃ በተራቆተው ዳርቻ ላይም ሰው እርሻ ጀመረ። የሐይቅ ዳር ደንገል ለወይጦ ወገኖቻችን ኑሮ፣ ለዓሣው መራቢያ፣ ለሐይቁም ደለል ማጥለያ ነው፤ ውኃው በኋላ ሲመለስ ደንገሉ አብሮ አልተመለሰም።

በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ ሌላ ለውጥ አመጣ። የጣናን ውኃ ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ወስዶ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያሳልፈዋል። በለስም ተመልሶ ዓባይን የሚያገኘው ከሱዳን ድንበር ብዙ ሳይርቅ ስለሆነ፣ ከጎጃም ጫፍ እስከ ጫፍ ይዞር የነበረው ያ ውኃ ዛሬ አቋርጦ ይሄዳል። ከጢስ ዓባይ በታች ሌሎች ገባሮች ስለሚቀላቀሉት በገደሉ ውስጥ ጉድለቱ ብዙም አይታወቅም፤ በፏፏቴው ላይ ግን በበጋ የሄደ ሁሉ ያየዋል። ይህን የምናገረው ኃይል ማመንጫው ባልተሠራ ለማለት አይደለም። ከፏፏቴው መብራቱ ይበልጣል የሚል ሰው ሐሳቡን በግልጽ ተናግሮ ቢሟገት እመርጣለሁ፤ ያሳዘነኝ ፏፏቴው እንዲህ ዓይነት ሙግት ሳይደረግበት መሳሳቱ ነው።

መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብም በሁለት ወገን የሚታይ ነው። 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ይዞ ሰባት ሺህ ሄክታር ለማልማት የታቀደ ነው፤ ዝናብ ብቻ ይጠብቅ የነበረ ገበሬ ዛሬ በበጋ ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት ያመርታል። የግድቡ ውኃ የተኛበት ቦታ ግን ቀድሞ ሰፊ የወል ግጦሽና ጨፌ ነበር፤ ይህም ከትርፉ ጋር አብሮ መቆጠር ነበረበት። ግልገል ዓባይን ከመሳሰሉ ወንዞች ወደ ጣና የሚገባው ደለል ደግሞ በወንዙ አፍ ላይ አዲስ መሬት እየዘረጋ ወደ ሐይቁ ይገሰግሳል፤ ከማሳ የታጠበው ማዳበሪያም በ2004 ዓ.ም. ሐይቁ ላይ ለታየው እንቦጭ ቀለብ ሆኖታል። ከገደሉ ወንዞች የሚሄደው አፈር ብዛቱ ሌላ ነው፤ ዓባይ በዓመት ከመቶ ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ይዞ ድንበር ይሻገር ነበር፤ በሱዳን የሮዛሪስ ግድብ በእ.ኤ.አ. 1966 ከተሠራ ወዲህ ከመያዣ አቅሙ ከሲሶ በላይ ያጣው በዚሁ አፈር ነው። አሁን በጉባ ሰባ አራት ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ የራሳችን ግድብ ስላለን፣ የጮቄ አፈር የሚያርፈው በራሳችን ገንዘብ በሠራነው ውስጥ ነው።

ንግግሩ ሲያበቃ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ አስፍራለሁ።

በአካባቢያቸው የውኃ አባት፣ ማለትም የመስኖ ውኃ አከፋፋይ፣ የሆኑ አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ወንዙ በእኔ በኩል መሬቴን እየበላ ነው። ድንጋይ ደርድሬ ብመልሰው ምን ይለኛል?» ብለው ጠየቁኝ። «አባቴ፣ ወንዙ ከእርስዎ ድንጋይ ሲመለስ የሚሄደው ወደ ማዶው ጎረቤትዎ ነው፤ በሚቀጥለው ክረምት እርሳቸውም ድንጋይ ይደረድራሉ» አልኳቸው። ቀጥ ብሎ የቆመውን ዳርቻ ጋደል አድርገው ቢያስተካክሉት፣ ከእርሻው ጫፍ ጥቂት እርምጃ ለቀው ዝሆኔ ሣር፣ ሸንበቆ ወይም ቀርከሃ ቢተክሉበት፣ ከብትም ለሁለት ክረምት ቢከለከል፣ ሥሩ አፈሩን እንደሚይዝ ነገርኳቸው። የሚለቁት መሬት ስንት እንደሆነ ሲጠይቁኝ ስንት እርምጃ እንደሆነ ተናገርኩ፤ ፊታቸው እንዳልተስማማ አየሁ፤ እውነትም መሬት ለጠበበበት ገበሬ ቀላል ልመና አይደለም።

ከከተማ ፕላን የመጣች ወጣት ደግሞ ከወንዝ ዳር ስንት ሜትር ክፍት እንተው አለችኝ። ለሁሉም ወንዝ የሚሆን አንድ ቁጥር እንደሌለ፣ ሠላሳ ሜትር ለአንዱ ሲበዛ ለሌላው እንደማይበቃ መለስኩላት። በነሐሴ ከትልቅ ዝናብ ማግስት ወርዳ ውኃው የደረሰበትን በችካል እንድታመለክት፣ በጥር ገመድ ሲዘረጋም ከዚያ ችካል እንዲጀመር ነገርኳት። ይህን ጊዜ እኒያ አዛውንት ከመቀመጫቸው ሆነው፣ ችካል እንደማያስፈልግና የትልቁ ሙላት ደለል የደረሰበትን የሾላ ግንድ እንደሚያውቁት ተናገሩ። ከአዳራሹ ስንወጣ ሁለቱ የሚሄዱበትን ቀን ሲቀጣጠሩ ሰማሁ።